በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በእርሳስ

አፉላ ላይ፣ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ ከአውቶቡሱ መቆሚያ፣
አንብበው የጠገቡትን የሚተዉበት አለ አንድ መደርደሪያ፤
ዝናብ ጥጉን ያሳበጠው፣ የሱፍ ቅርፊት የሞላበት፣
እኔ የሌሊት ተረኛ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የምሸምትበት።

ዕብራይስጡን በዝግታ ነው የማነበው፣ ፊደል በፊደል እየረገጥኩ፣
ያልገባኝን ቃል መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እየገለበጥኩ፤
ጧት ልጄን ሊአትን ስጠይቃት ፊቷ ይቀላል፣ «እማ ተይ!» ትላለች፤
ቃሉ የመሳም ዓይነት ነው መሰል፣ ትርጉሙን ትደብቀኛለች።

ስጨርስ በመጨረሻው ገጽ ፍርዴን እጽፋለሁ በእርሳስ፣
በአማርኛ፣ ማን ሊያነበው ብዬ፣ ያለ ይሉኝታ፣ ያለ ልባስ።

ለምሳሌ ይኼ ደም መጣጭ፤ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ፣
ስንት ንጉሥ የቀበረ፣ ስንት ቋንቋ የተማረ፣
እንዴት አንዲት ብርጭቆ ማጠብ ሳይችል ቀረ?
ልጅቷስ? አንገቷን ሰጥታ «ውሰደኝ» ትላለች ገና በገጽ ሠላሳ፤
ደም በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቅ፤ ጻፍኩላት እንዳትረሳ።

ያኛው ደግሞ የቴል አቪቩ፣ ባለ ሕንጻው፣ ባለ ረጅም መኪና፣
ላልደረሰው አንድ መልእክት መቶ ገጽ የሚያኮርፍ ጀግና—
«እባካችሁ አንዳችሁ ደውሉ!» ብዬ አውቶቡስ ውስጥ ጮህኩና፣
ጎኔ ያለው ወታደር ደንግጦ ስልኩን አወጣ በትሕትና።

ደግ ቃልም አልነፈግኩም። አንድ ነበር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣
ጎረቤታሞች የሚዋደዱበት፣ ማንም ያልሞተ፣ ማንም ያልበረረ፤
ሰውየው በገጽ ዘጠና የተበላሸ ቧንቧዋን ሊጠግን ይመጣል፣
ጠግኖ ሲያበቃ፣ እንዳይሄድ፣ መልሶ አንዷን ብሎን ያላላል።
ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ባሌ አዛነው ዕድሜውን ሙሉ «እወድሻለሁ» ሳይል አለፈ፣
ብቻ ከመምጣቴ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ውኃ ማሞቂያውን ሳያበራ አላረፈ፤
ይህን የጻፈ ደራሲ እስካሁን አላጋጠመኝም።
ቢጻፍም አይሸጥ ይሆናል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን ተኩላው ነው።
ቀን ሰው፣ ጨረቃ ስትሞላ አውሬ፤ ሴቱ ሁሉ የሚሞትለት፣
ጠጉሩን እየዳሰሰ «የኔ ነህ» የሚልለት።
እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ፣ ከወገራ። አባቴ እግሩን ታጥቦ ሲተኛ፣
«ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ያድራል» ይል ነበር፣ ያው ማረሻውን የገዛው ደንበኛ፤
ልጁን በነጠላ ሸፍኖ ያሳልፍ ነበር፣ ዓይናችን እንዳይበላበት።
ስለኛ ጅብ ማንም አልጻፈ፣ ማንም ሴት አልሞተችለት፣
ከእናቴ በቀር፤ ፍንጣሪ የለበለበውን እጁን ቅቤ ከምትቀባለት።

ዛሬ ያው አውሬነት፣ ሽፋኑ በወርቅ ታትሞ፣ ሰባ ዘጠኝ ሸቀል ያወጣል።
ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ አለቀ። ከዚያ ጻፍኩ፦ «አባቴ ቀድሞታል።»

መጽሐፉን መለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከዚያው ጥግ አገኘሁት፣
ከጽሕፈቴ ሥር ሌላ እጅ፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ፊደሉ የተጣመመበት፦
«የኔም አባት ጅብ ነው ይባል ነበር፤ ግን እግሩ አንካሳ፣
ሰው ሊበላ ቀርቶ፣ ከመደቡ በስንት ግፊያ ነው የሚነሣ።
የብርጭቆውን ነገር ልክ ነሽ፣ እኔም ታዝቤዋለሁ።
የተኩላው ሁለተኛ ቅጽ እኔ ዘንድ ነው፤ ማክሰኞ እዚሁ አኖረዋለሁ።»

ልብ ወለድ ቢሆን፣ ማክሰኞ ከምሰሶው ጀርባ ተሸሽጌ፣
ዝናብ ያራሰው ጠጉሬን ወደ ኋላ ሰብስቤ፣ ልቤን በእጄ አፍኜ...
እኔ ግን ማክሰኞ የቀዶ ጥገናው አንሶላ አለብኝ፣ አራት ጋሪ።

ረቡዕ ጧት ሄድኩ። ቅጹ አለ።
መካከሉ ላይ እርሳስ፣ አዲስ፣ በቢላ የተቀረጸ።

ይኸው ገጽ አርባ ደርሻለሁ። ተኩላው አሁንም ያላዝናል።
ዕብራይስጡ ቀሎኛል፤
እኔ ግን ቀስ ብዬ ነው የማነበው።