ስድስት ተኩል

ካውያ ቤቴ ሞጣ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
የሙሽራ ሱፍ ነው ሥራዬ፣ የዳኛ ካባ።
ወረቀት ተኩሼ አላውቅም ነበር፣
ስመኝ ፌስታል ይዛ እስክትቆም ከበር።

«ጋሼ አለኸኝ» አለች፣ «ካባቴ ሣጥን ሥር
ይኼን አገኘሁት፤ ገዢ አለው በዶላር።
አስቀድሞ ግን ባሕር ማዶ ሄዶ ይመዘናል፣
ካንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጠዋል፤
ባንድ ነጥብ ልዩነት የቤት ክዳን ይወጣል።»

ገና ሳየው አወቅሁት።
ጭምብል ያጠለቀ ሰው፣ ቀይ ካባውን ነፋስ ነፍቶት፣
ካንዱ ፎቅ ወዳንዱ ሲዘል፤ ፎቅ ሳናይ ፎቅ ያየንበት፤
ፈረንጅ አስተማሪ ሲሄድ ለውባንተ የተወለት፤
ውባንተም አምስት አምስት ሳንቲም ያስከፈለን ለአንድ ሌሊት።

እንግሊዝኛው አልገባንም፤ የገባን ቡጢው ነበር።
ካፋቸው በሚወጣው ነጭ አረፋ ውስጥ የየራሳችንን ንግግር
በሆዳችን እየጻፍን፣ የሞጣን ስድብ፣ የሞጣን ፍቅር፣
ለዚያ ጭምብላም ሰውዬ ስናበድር።

እሺ አልኳት። ሥራ ሥራ ነው።

የዳቦ ለስላሳ ሆድ በጣቴ አድበልብዬ
እድፉን አሻሸሁት ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፤
ዳቦው ጠቆረ፣ ሽፋኑ ነጣ፤
የሃምሳ ዓመት የጣት አሻራ በፍርፋሪ ወጣ።

ከካባው ጫፍ ላይ የሻማ ጠብታ፣
ውባንተ ተደብቆ ያነበበ ማታ።
መምጠጫ ወረቀት ደርቤ፣ ካውያውን ለብ አድርጌ አሳረፍኩ።
በጎጃም ሰም ሲቀልጥ ወርቅ ይጠበቃል፤ እኔም ጠበቅኩ፤
ቀይ ቀለም ብቻ አገኘሁ፣ እሱም ትንሽ ይለቃል።

ከዚያ እጥፋቱ፦ ለሁለት ተቆልምሞ ከኋላ ኪስ
የከረመበት ስብራት፣ ከላይ እስከ ታች የሚፈስ።
በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ከሩቅ አለዘብኩት፣
በሁለት ነጭ ካርቶን መሐል አስተኛሁት፣
ካውያው ምራቄን «ጠስ» ማለት ሲያቆም ጫንኩት፣
የአይሱዙ ባትሪ አናቱ ላይ አስቀመጥኩት።
ሦስት ቀን ዘነበ፤ የጮቄ ጉም ወረደ፤ መብራት ሄደ፣ መጣ፤
በአራተኛው ባነሣው ቀጥ ብሎ ወጣ
እንደ ሙሽራ ሱሪ።

ብርሃን ላይ ሳዘነብለው ግን ቀጭን ነጭ መስመር ቀረች፤
ቀለም የተሰበረበትን ካውያ አይመልስም፤ እዚያው አለች።
ረዳቴ ሽታው ቀይ ማርከር ይዞ፦ «ነካ ላርጋት?»
«ተው! ላጠበ፣ ለተኮሰ ዝም ይላሉ፤ ለቀባ የለም ምሕረት፤
ባጉሊ መነጽር ያገኙሃል፤ ‹የታደሰ› ብለው ይጽፉበታል
እንደ ወንጀል ዓይነት።»

የኋላው ሽፋን ውስጥ፣ በእርሳስ፣ የውባንተ ጽሕፈት፦
አንዷለም፣ ከፈለ።
ደሴ፣ ከፈለ።
ጓንጉል፣ በሳንቲም ፋንታ እንቁላል።
ከሁሉ በታች፦ አለኸኝ፣ አምስት ሳንቲም። ባዶ ቦታ።

«እርሳሱ ከጠፋ ነጥቡ ከፍ ይላል» ብላኛለች።
ላጲስ አነሣሁ።
አንዷለምን አጠፋሁ።
ደሴን አጠፋሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ጠፋ።
ጓንጉልን ከነእንቁላሉ።
ላጲሱ አለቀብኝ ብል ውሸት ነው፤
ግማሹ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ለጥቅምት መልሱ መጣ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጎ፤
አናቱ ላይ ስድስት ተኩል፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦
የኋላ ሽፋን ውስጥ፣ የእርሳስ ጽሑፍ።
«ለሰባት ግማሽ ቀረው» አለች ስመኝ፣ «ምን አይተው ይሆን ጋሼ?»
ካውያዬን አራገብኩ። ፍም ዐይን ውስጥ ይገባል፣ ሰው ያስለቅሳል።
የመተኮሻ ሂሳቤን ዘረጋችልኝ፤
ተቀበልኩ። ሥራ ሥራ ነው።

ከእንግዲህ ማንም አይገልጠውም፤
እሽጉ ከተሰበረ ቁጥሩም አብሮ ይሞታል።
ጭምብላሙ ሰውዬ ሳያርፍ እንደዘለለ ይኖራል፣
ከጀርባው፣ ፕላስቲክ በጋረደው ጨለማ፣
የኔ አምስት ሳንቲም፣
በእርሳስ፣
ሳይከፈል።