የባል ካርድ

ፔዳ ግቢ ነበር፣ ከምሳ በኋላ፤
ዓሣ የበላ ዓይን በእንቅልፍ ሲላላ
መምህሯ አደለች ሚና የያዘ ካርድ፤
«ሥራችሁ መስማት ነው፤ አትቸኩሉ ለፍርድ።»

ካርዴ እንዲህ ይላል፦ «ባል ነህ፤ ትቆጣለህ፤
ቤት ጥለህ ወጥተሃል፤ ወንድምህ ጋ አለህ።»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ማን ነገራት?
ሽምብጥ፣ ወንድሜ ቤት፣ ይኸው አምስት ሳምንት።

ይታይሽ፣ «ሚስቴ»፣ ካርዷን አጠፍ አርጋ፣
«እሺ» አለች፣ «ልጁን ምን ልበለው ሲነጋ?»
ካርዴን ገለበጥሁት። ጀርባው ምንም የለ።
ሸምጋዩ ጥጋቤ ሰዓት አየ፤ ዝም አለ፤
ጠዋት የተማርነው ዝም ማለት ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ወጣን። ጣና ብረት መስሏል።
«ሽምብጥ፣ አንድ የቀረ!» ባጃጁ ይጣራል።
አለፍሁት። የካርዱ ጠርዝ ጭኔን ይወጋኛል።