ጠባቧ ዓምድ

ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ በሽቦ አጥር ተከባ፣
አፏን ከፍታ ለሰማይ፣ የመጣው ሁሉ ሊገባ፣
ቆማለች አንዲት ጣሳ።
ጧት ጧት በሦስት ሰዓት ቁልፌን ይዤ እመጣለሁ፣
ሌሊቱን ስንት እንደጠጣች አጎንብሼ አያለሁ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ፤ ደመወዜ ስስ፣ መዝገቤ ወፍራም፣
ቀን፣ ሚሊ ሜትር፣ ፊርማ፤ ሌላ ጣጣ የለውም።
ከዳር ግን አንዲት ዓምድ አለች፣ «ማስታወሻ» የምትባል፣
ሁለት ቃል ካረፈባት ወዲያው ግጥም የምትል።

ሰኞ፣ ግንቦት ዐሥራ ስምንት። ዜሮ።
ከጣሳዋ ግርጌ ጢንዚዛ፣ ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ።
ደምበጫ ከአስፋልቱ ዳር ባጃጆች ጥላ ይሻማሉ፣
የተምጫ ድንጋዮች ውኃ አጥሯቸው ገጠው ይታያሉ።
ልየው በሬዎቹን ነድቶ በአጥሬ ሥር ሲያልፍ ቆመና፣
«ሰማዩ ታሟል መሰለኝ፤ አንተ ያለኸው ሐኪም ቤት፣
ምነው ካርድ ብታወጣለት?»
ሣቅን። ዜሮዬን ፈርሜ መዝገቡን ዘጋሁ በጤና።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በጮቄ በኩል ጠቆረ፣
እንደ አበዳሪ ፊት ግንባሩን ቋጠረ፤
አጉረመረመ። የቆርቆሮው ጣራ ሁሉ ጆሮ ሆነ፤
ትዋብ በርበሬዋን ከነሰሌኑ ጠቀለለች፣
ልብስ ከገመድ ወረደ፣ ዶሮም ቆጥ ላይ ወጣች፣
ነፋስ የሞባይል ቤቱን ታፔላ ገንጥሎ ይዞ በነነ።
ከዚያ?
ዐሥራ ሦስት ጠብታ። ክንዴ ላይ ቆጠርኩት፤
ለጣሳዋ አልደረሰም፤ «ፍንጣቂ» ብዬ ጻፍኩት።
ትዋብ በርበሬዋን ዳግም እየዘረጋች፣
«በር አንኳኩቶ የሚሸሽ የሰፈር ዱርዬ!» አለች።

ረቡዕ በረዶ።
ሩብ ሰዓት ብቻ፤ ግን ሰማዩ ሙሉ ተንዶ።
የሰባተኛ ክፍል ጣራ በጠጠር ሲደበደብ፣
የመምህርቷ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም፤ ሰሌዳ ብቻ ሲነበብ።
ልጆች ወጥተው በቆባቸው ለቅመው ቆረጠሙት።
ስንሻው ግን ከጎረቤት ቀድሞ፣ የሚያዝያን ካፊያ አምኖ፣
ዘርቶ ነበር፤ ቡቃያውን አገኘው የተቀደደ ደብተር ሆኖ።
አልተናገረም። አንዷን ነቀላት፣ ሥሯን አሸተታት፣
እዚያው ጉድጓዷ ላይ መልሶ ተከላት።
ሲቀልጥ ዐሥራ አራት ሚሊ ሜትር ወጣው።

ሐሙስ። መሬቱ ረጥቦ፣ ለስልሶ፣ ማረሻ ናፍቆት ተኝቷል፤
ቀኑ ግን ሃያ አንድ ነው፤ ማርያም ናት፤ ቀንበር ተሰቅሏል።
ብርድ ነው፤ ሰው ጋቢ በጋቢ ደርቦ ከቅዳሴ ሲወጣ፣
ልየው ከማሳው ዳር ቆሞ፣ እንደ ጿሚ ሥጋ ቤት በር ላይ፣
ዓይኑን ከአፈሩ ለመንቀል አቅም አጣ።
«እሷ ታውቃለች» አለኝ፤ ግን ጣቶቹን አየኋቸው፣
ዕርፍ እንደጨበጡ ነበር አስተጣጠፋቸው።

ዓርብ ፀሐይ ተመለሰች፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው፤
እስከ ቀትር ያን ለስላሳ አፈር ቅርፊት አለበሰችው።
የሦስት ሰው ማረሻ ዶለዶመ። ዜሮ።

የቅዳሜ መስመር ባዶ ነው። ቋሪት ለቅሶ ሄጄ፣
ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ አደርኩ፣ ጆሮዬን ወደ ሸራው ሰድጄ።
ያንጠባጥብ ነበር። በጣቴ ልቆጥረው ጀመርኩና ተውኩ፤
የሌላ ወረዳ ዝናብ ነው፤ መዝገቤ አይቀበለውም አልኩ።

በማግስቱ ማታ ተመለስኩ። እኩለ ሌሊት ላይ መጣ፣
ያለ መብረቅ፣ ያለ ቁጣ፣
እንደ ሸማኔ እጅ ሳይቸኩል፣ ክር ከክር እያግባባ፤
የተምጫ ድምፅ ከሩቅ እስከ አልጋዬ ገባ።
ሦስት ሰዓት። ጣሳዋን ገለበጥኩ፤ ሠላሳ አንድ!
እሑድ ነው፤ ዛሬም ቀንበር ከተሰቀለበት አይወርድ።
ልየው በሽቦው ቀዳዳ የመለኪያውን ብርጭቆ አይቶ፣
«ሁልጊዜ በበዓል ቀን!» አለና ሣቀ፣ ፊቱ ፈክቶ፣
«ግን የዛሬው አይቸኩልም፤ ሰኞን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»
ከማዶ ስንሻው ያቺን መልሶ የተከላትን ጎንበስ ብሎ ያያል፤
ቆማ ይሁን ደርቃ፣ ከዚህ አይለይም።

ባሕር ዳር ያሉ አለቆቼ «ይህ የአየር ጠባይ አይደለም»
ይሉኝ ይሆናል። ግድ የለም።
ከሠላሳ አንዱ አጠገብ ሁለት ቃል ጻፍኩ፦
«ልየው ሣቀ።»
ዓምዷ ግጥም አለች።