ያልተቋጨ ቆብ

በታኪሌ ደሴት፣ በቲቲካካ ሐይቅ መሀል፣
ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይጠልፋል።
ዳገት ስንወጣም፣ ጀልባ ስንጠብቅም፣
ከጣታችን መሀል መርፌ አይታጣም።

ሳቱርኒና ወሯ ከገባ ጀምሮ
እጄ ዕረፍት አጣ፣ ከልቤ ጋር አብሮ።
ለእናቴ ካልሲ ሠራሁ፣ ለቁርጥማቷ፣
አንደኛው ረዘመ፣ አለፈ ከጣቷ፤
ላማቴም ጓንት ሠራሁ፣ አውራ ጣቱ ጠቧል፤
«አማትህ ነኝ እንጂ እስረኛህ ነኝ?» ብሏል።
ልጄ ኤርሊንዳ ግን ገና ስድስቷ ነው፤
«የኔስ?» ትለኛለች፣ «የኔስ ልብስ የት ነው?
ያልመጣ ሰው ከኔ ለምን ይቀድማል?»
መልስ ላጣ ጥያቄ ሻርፕ ይሠራለታል።
ሠራሁላት። ቢጫ። ከሷ ይረዝማል።

ሳቱርኒና እንዝርቷን ከሆዷ ላይ አሳርፋ ትፈትላለች፤
ሲራገጥ ይወድቃል፤ «ይሄ ክር አይወድም» ብላ ትስቃለች።

የሕፃኑ ቆብ ነው እኔን ያስቸገረኝ፤
ራሱን ሳላየው ልኩን ማን ይንገረኝ?
ዶኛ ቶማሳን፣ አዋላጇን ስጠይቃት
«እጅህን ጨብጠው» አለች፣ «ጨመር አርግበት።»
ጨብጬ ሠራሁት፣ ጨመር አረግሁበት፤
ሲያልቅ ግን ጠበበ፣ ጭብጤም አልገባበት።
የፈራ ሰው እጅ ክሩን ያንቀዋል፤
ቋጠሮው ሲጠብቅ ዘግይቶ ያውቀዋል።

ኤርሊንዳ ወሰደች፣ ለድንች አለበሰች፣
በቢጫው ሻርፕ አዝላ «እሹሩሩ» አለች።
ማታ ድንች አነሰ፤ ማንም አልተናገረ፤
አንዱ ከፍራሽ ሥር ተኝቶ ነበረ።

ሌላ ልጀምር ስል ቀይ ክር አለቀብኝ፤
ሱፍስ ሞልቶ ነበር፤ ቀለሙ ቀረብኝ፤
ማዕበሉ ፑኖ ላይ ጀልባውን ያዘብኝ።
ከሣጥኔ ሥር ግን አንዲት ቆብ ነበረች፣
ግማሿ ቀይ ሆና፣ ግማሿ የነጣች፤
የላጤነቴ ናት።
                    አማቴ፣ ልጁን ስጠይቅ፣
ውሃ ሞልቶባት ቆመ፣ ጠብታ ሲጠብቅ።
አንድም አልፈሰሰ። «በል ውሰዳት» አለኝ፤
ቆቧን ይሁን ልጁን፣ ዛሬም አልገባኝ።

ተረተርኳት። ክሩ ተጠማዞ ወጣ፣
የድሮውን ዙር ይዞ፣ እየተቆጣ።
ነክሬ ድንጋይ አሰርኩበት፤ አልተቃናም፤
የለመደው ጠምዛዛ ካጥንቱ አልወጣም።
ይሁን። ሰውም ቢሆን ቀጥ ካለ ክር አይመጣ።

ጫፉ ላይ ስደርስ፣ አሥራ ሁለት ዓይን ሲቀረኝ፣
መርፌውን አቆምኩ፤ እንጃ ምን እንደነካኝ።
ያለቀ ነገር ያስፈራል።
አባቴ ሦስት ቆብ ሠርቶ ሁለት ራስ አለበሰ፤
ሦስተኛውን ኪሱ ውስጥ ይዞት አፈር ለበሰ።

ሌሊት ምጥ ሲፋፋም መቀነቴን ፈታሁ፣
ጠጉሯን ከሱፍ ጋራ የሸመነችበትን፤ ወገቧን አጠበቅሁ።
ዶኛ ቶማሳ ግን «ውጣ» አለች፤ ወጣሁ።
ደጁ ውርጭ ነው። ውሻውም ዝም ብሏል።
«ማርያም፣ ማርያም» ትላለች እናቴ ከውስጥ፤
እኔ በጨለማ፣ በጣቴ፣ ሳልለውጥ፣
አሥራ ሁለት ዓይን እቆጥራለሁ፤
ሲያልቅ እንደገና እጀምራለሁ።

ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የተናደደ፣
ግድግዳውን አልፎ ወደኔ ወረደ።

ኤርሊንዳ መጣች፣ በጩኸቱ ነቅታ፣
ድንቿን ታቅፋ፣ ከፍራሽ ሥር አንሥታ፤
«አባዬ» አለችኝ፣ «የኔም ነቃ፣ እየው!»
በጠባቡ ቆብ ዓይን የወጣ ቡቃያ ነው።
«ወንድም ነው ወይስ እኅት?»
                    ቆይ አልኳት፣ ቆይና፣
አሥራ ሁለቱን ዓይን ባንድ ክር ሳብኩና
ቋጨሁት። ጫፉ ነጭ። ላጤ ነዋ፣ ገና።
«ግባ» አሉኝ ከውስጥ። በሩን ገፋ አደረግሁ፤
ጭብጤን ቆቡን አልብሼ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።