የበሩ መዘውር

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጎህ ሲቀድ ወርጄ፣
የጣናን ልክ ሳነብ፣ በዓይኔ በእጄ፣
ከግንቡ ተስሎ ካለው ቀይ መስመር ላይ
ስንት ጣት ጎደለ፣ ስንት ሞላ ብዬ በባትሪ ሳይ፣
የጉማሬ ትንፋሽ ከደንገሉ ኋላ
እየሰማሁ ስጽፍ፣ ደብተሬ ስትሞላ፣
ከዚያም መዘውሩን በሁለት ክንድ ይዤ
ለዓባይ ድርሻውን እለቅ ነበር፣ ካለቃ ታዝዤ።

ዘንድሮ ወደ ጨረጨራ፣ ዓይን የሌለው እንግዳ
ብሌን ይዞ መጣ፤ ጭቃ በጫማዋ፣ ላፕቶፕ በጀርባዋ፣ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ማለዳ።
‹ጋሽ ይታየው› አለች፣ ‹አስተውሎት ነው ስሙ፣ ሰው የሠራው፤
እርስዎ በዓይንዎ ያዩት፣ ደብተሩ ሁሉ፣ ለእሱም ይታየው።›
ስሜን ጠራች ብዬ ስዞር፣ ሥራዬን ሰጠችው።

በአንድ ሌሊት በላው፣ ሠላሳ አንዱንም ክረምት።
አልዋሸችም ልጅቷ። ነሐሴ መባቻ፣ በሦስት ቀን ፊት፣
‹ርብ ይሞላል፣ ጉማራ ይሞላል› አለ፤
የፎገራ ሰው በሬውን ነድቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ወደ ኮረብታ ቸኮለ።
አንድ ነፍስ አልጠፋም። ‹አመሰግናለሁ› አልኩት፣ ለማን እንደምል ሳላውቅ፤
‹ምንም አይደል› አለኝ፤ ቆሜ ቀረሁ፣ ልቆጣ ወይ ልሳቅ።

ግን አንድ ምሽት፣ ጀልባው ሁሉ ከዳር ታስሮ፣
ጠየቅኋት፦ ‹ይጠላን ይሆን ወይ፣ ይህ ነገር፣ ኑሮ ኑሮ?›
ሳቀች። ‹መጥላት ከየት ያውቃል? ያዘዙትን ነው የሚሠራ፤
ቀን ሌት፣ ሳይሰለች፣ ሳይል ወደ ቀኝ ወደ ግራ።›

እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነበር።

ጢስ ዓባይ ተወልጃለሁ፤ ከፏፏቴው ድምፅ በላይ እየጮህን
ነው የተጫጨን፣ የተጣላን፣ ያለቀስን፣ የታረቅን።
‹መብራት ይብዛ› ተባለ፤ መልካም ቃል ነው፤ ማን ይጠላል?
ውኃው ወደ ቦይ ዞረ፤ አምፖሉ በራ፤ እልልታው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።
አንድ ማለዳ ግን ዝምታ ቀሰቀሰን፤
ገደሉ ራቁቱን ቆሞ፣ ጢስ የለው፣ ጥቁር ድንጋይ፤ ተያየን።
ማንም ጠልቶት አልነበረም፤ ‹ይድረቅ› ያለም አልነበረ፤
ከትእዛዙ ግን ‹እሱን ሳትነኩ› የሚል አንድ ቃል ሳይጻፍ ቀረ።

እንግዲህ ይህን ብርቱ፣ ቃል አጉድለን ብናዘውስ?
ሳይጻፍ የቀረው ቃል እኛው ራሳችን ብንሆንስ?

ታንኳ ሠሪው እንድሪስ፣ ደንገሉን ጠምዝዞ ሲያስር፣
ሥራ ሲያበቃ ከሐይቁ አውጥቶ፣ አቁሞ ሲያደርቀው ከዳር፣
‹ለምን ትንሽ ሠራኸው?› ብለው፣ እንዲህ አለኝ፦ ‹ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ
ብቻዬን ተሸክሜ ካላወጣሁት፣ እኔን ይዞኝ ነው የሚወርድ።›

ለብሌን ነገርኳት። ዝም አለች። እኔም መልስ የለኝ።
ይጥፋ አልል፤ የፎገራ ሕፃናት ፊት ድቅን ይልብኝ።
ሐሙስ ሐሙስ ብቻ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ግራሶ በጨርቅ ቋጥሬ
እወርዳለሁ፤ መዘውሩን እቀባለሁ፣ ጥርስ በጥርስ ቆጥሬ።

ባለፈው ሐሙስ ብሌን ተከትላኝ ወረደች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች።
‹ያሳዩኝ› አለች።
ያዘችው። ከበዳት። እግሯን ከፈት አድርጋ ደገመች።
ብረቱ አቃሰተ፤
በሩ አንድ ጣት ያህል፣
አንድ ጣት ብቻ፣ ከፍ አለ።