የዘጠኝ ሰዓት ውኃ

ኮዬ ፈጬ ጥግ፣ አራተኛ ፎቅ፤
እንቅልፍ ደክሞት መሰል፣
ደረጃው ላይ ቀረ፣ እስከ በሬ ሳይዘልቅ።

ከኳሪው ጅብ ጮኸ፣ ውሻ መለሰለት፤
እኔም ለባንክ ዕዳ፣ መልሱን አጣሁለት።
ትራሴን ገለበጥኩ፣ ያም ወገኑ ሞቀ፤
ቁጥር ብቆጥርም፣
ከወሩ ክፍያ ጋር ተደባለቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ከሐሙስ ጀምሮ ደርቆ የከረመው
ቧንቧ ሳል ጀመረው፤
አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፣
ከዚያ ውኃ።

ከታች ገመቹ በርሜል ሲጎትት፣
ከላይ የእትዬ አስካለ ባልዲ ሲንኳኳ በሌሊት፣
ለካ ሕንፃው ሁሉ ዐይኑን አልከደነም!

ጀሪካን ሊሞላ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤
እሱን ብቻ ሰማሁ፤
ለሃያ ሊትር ያህል፣ አላሰብኩም ምንም።

ሁለተኛውን ደቀንኩ።