ካርታ

ከምክር ቤቱ ወለል በታች፣ መስኮት ከሌለው ክፍል፣
እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ካርታው ገና ይበወዛል።
ሴናተር ብሩሳር ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣
የቀዘቀዘ ዶሮ ይግጣል፣ ከስክሪኑ ፊት ቀርቦ።
«እዚች ጋ፣» ይላል፣ ቅባታም ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ፣
«መስመሩ ይጠምዘዝ፤ ይኼን ሠፈር ይለፈው በጎን ታጥፎ።»
ጣቱ ሲነሣ ቀረ፣ ከሴንት ኦዴል ከተማ ላይ፣
የዶሮ ሞራ፣ ክብ፣ እንደ ጨረቃ፣ ያለ ሰማይ።

ውጭ የሉዊዚያና ረግረግ በእንቁራሪት ይናጋል፤
ያንን ድምፅ የሚቆጥር የለም።

ማውሱን የያዘው ሬሚ ነው፤ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ፤
እዚያው ሴንት ኦዴል ተወልዶ፣ ካርታ ሆነ ትምህርቱ።
አይመርጥም፣ አይከራከርም፤ የታዘዘውን ይስባል፤
አንዲት ነጥብ ስትነቃነቅ፣ ሦስት ሺህ ሰው
ከአልጋው ሳይነሣ ይሰደዳል።
ከጥግ ቁጥሩ ይወጣል፦ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት ከሩብ፤
«ትንሽ ይቀረዋል፣» አሉት። ጎተተ፣
ቁስል እንደሚሰፋ ሐኪም፣ በጥንቃቄ፣ በጥበብ።

ቨርዲን ጊዮሪ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ጫማዋን አውልቃለች፤
ዘጠኝ ለሁለት እንደምትሸነፍ እያወቀች ነው የመጣች።
«ይኼ ምን ይመስላል?» አለች፣ «ይኼ አሥራ አንደኛው ወረዳ?
የሌባ ሱሪ ነው፣ አጥር ላይ ተቀዶ የተገኘ ማለዳ።»
ሳቁ። ብሩሳርም ሳቀ። ክፉ አይደለም፤
የታመመ ጎረቤቱን ሣር ያጭዳል፤
ብቻ፣ ካርታ የሚያድል ሰው
ለራሱ መናኛውን ይሰጣል?

ስልኩ በራ። የሬሚ እናት። «በላህ ወይ?» ይላል ጽሑፉ።
አልመለሰም። ቀስቷ ደርሳለች ከፒካን ጎዳና ጫፉ፦
አራት ቤት በግራ፣ ሰባት በቀኝ፤
ሦስተኛው ደጃፍ የዛገ ብስክሌት፣
ከበረንዳው ጣራ ሥር የተርብ ጎጆ፣
እናቱ በየክረምቱ አፈርሰዋለሁ እያለች የምትተወው።
ካርታው ይህን አያሳይም።
ካርታው የሚያሳየው አርባ አንድ ሰው ነው።

«እሱንም አውጣው፣» አለ ብሩሳር፣ አጥንቱን በወረቀት ጠቅልሎ።
ቨርዲን ቀና ብላ አየችው፣ ልጁን፣ ሴናተሩን አይደለም።
ጠቅ።
አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ አርባ አንድ ድምፅ ዋጠች።
ከዚያ በኋላ መለሰላት፦
«በልቻለሁ፣ እማ። ተኚ።»

ዘጠኝ ለሁለት አለፈ። ቨርዲን ጫማዋን አጠለቀች፤
አንዱ እግሯ አብጦ ኖሮ፣ ኮሪደሩን እያነከሰች ወጣች።

የምርጫው ዕለት ኡላሊ ፎንቴኖ ኮፍያዋን ደፍታ፣
የእሳት አደጋ ጣቢያው ደረሰች፣ ገና በጠዋቱ ተነሥታ፤
አርባ ዓመት የመረጠችበት፣ ከቀዩ መኪና ጎን።
መዝጋቢዋ ልጅ ገጹን ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች፣
ጣቷን በምራቋ አርሳ ደግማ።
«ስምዎ እዚህ የለም። ከድልድዩ ማዶ ነው የእርስዎ፣
ትምህርት ቤቱ ጋ። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።»
«እኔ እኮ ከቤቴ አልወጣሁም።»
«ቤትዎ ነው የወጣው፣» አለች ልጅቷ፤
ወዲያው ደግሞ አፈረች፣ እስክሪብቶ ፈለገች።

ኡላሊ አልተቆጣችም። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።
ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ዊልፍረድ መርጦ ወጣ፣
ደረቱ ላይ ክብ ወረቀት ለጥፎ፣
ምን ሆነሽ ነው አላት።
«ምንም፣» አለች። «የሆነ ሰው ተሳስቶ ነው።
ለልጄ እነግረዋለሁ፤ ሬሚ ካርታ ያውቃል፤
አንድ ነገር ነክቶ ያስተካክለዋል።»
አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍም ጠየቀችው።